የታሸገው ደብዳቤ በማን እጅ ይከፈታል?

በዚህ ዓምድ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ትዳርና ስለ ጎረቤት አኗኗር እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ዛሬ ስለ ባንክ ልንጽፍ ስንነሣ «ይህስ የነጋዴዎች ጉዳይ አይደለምን?» የሚለን ሰው እንደማይጠፋ እናስባለን። ነገር ግን ቀድሞ በእናት መቀነት ተቋጥሮ ይቀመጥ የነበረው ገንዘብ ዛሬ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ልጆቻችንና ወንድሞቻችንም ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዐረብ አገሮች ሆነው ቤታቸውን የሚረዱት በዚሁ ስልክ ነው። ስለዚህ በሩቅ አገር ሆኖ የባንክ ሒሳብን መመልከትና ማንቀሳቀስ፣ እንደ ቤት ቁልፍ አያያዝ ሁሉ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ይህንንም እንድንጽፍ ያነሣሣን በዐይናችን ያየነው ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር፣ የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በሐዋሳ ከተማ በባህል አዳራሽ በተደረገ አንድ የምረቃ በዓል ላይ ተገኝተን ነበር። እንደሚታወቀው ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ቀን ሐዋሳ ከሩቅም ከቅርብም በሚመጡ ምእመናን ትሞላለች፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶችም ወደ አገራቸው የሚመጡበትን ጊዜ ከዚህ በዓል ጋር ያስማማሉ። ከጎናችን የተቀመጠችው እኅት ከአሜሪካ የመጣች፣ ከተመራቂዎቹ የአንዲቱ አክስት ነበረች። ተመራቂዎቹ ጋውናቸውን ለብሰው እስኪገቡ ድረስ ረጅም ሰዓት ስለ ቆየን ጨዋታ ጀመርን። ከጨዋታዋም እንደ ተረዳነው የመጣችው ለምረቃው ብቻ አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ ቀዶ ጥገና እንዲደረግለት ቀጠሮ ተይዞለት ነበርና፣ የሐኪም ቤቱን ማስያዣ ገንዘብ በዚያው ሳምንት መክፈል ነበረባት።

ስልኳን አውጥታ በአሜሪካ ካለው ባንኳ ገንዘቡን ልታስተላልፍ ብትሞክር ገጹ አልከፈት አላት። ካለችበት አገር ሆና አገልግሎቱን ማግኘት እንደማትችል የሚገልጽ ቃል ብቻ ይወጣል። ደጋግማ ሞከረች፤ ፊቷም ተለወጠ። ከኋላዋ የተቀመጠው የወንድሟ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ትሑት ወጣት፣ «አክስቴ፣ አይጨነቁ፤ እኔ መላ አለኝ» አለና ስልኩን ተቀበላት። ክፍያ የማይጠይቅ አንድ ድረ ገጽ ከፈተ። በገጹ መካከል ባዶ መስመር ነበረ፤ በዚያ ላይ የባንኩን አድራሻ ጻፈበት። ወዲያው የባንኩ ገጽ እንደ ወትሮው ሆኖ ተከፈተ። በዙሪያው የነበሩት ዘመዶች «አበጀህ! የተማረ ይግደለኝ!» እያሉ አመሰገኑት። እኅታችንም ስሟንና የይለፍ ቃሏን ጻፈች፤ ባንኩ በስልኳ የላከላትን ባለ ስድስት አኃዝ የማረጋገጫ ቁጥርም በዚያው ገጽ ላይ አስገባች። ገጹ ጥቂት ቆይቶ «እንደገና ይሞክሩ» አለ። በዚያው ቅጽበት የሙዚቃው ድምፅ ተሰማ፤ ተመራቂዎቹ ገቡ፤ እልልታው አዳራሹን ሞላው፤ ስልኩም ወደ ቦርሳው ተመለሰ።

እኛስ? እኛ ያን ጊዜ ዝም አልን። ወጣቱ የከፈተው ነገር ምን እንደ ሆነ እናውቅ ነበር፤ በትምህርት ቤታችንም ለተማሪዎች አስተምረነዋል። ነገር ግን «እንግዳ ናት፤ ጉዳዩም የቤተሰብ ነው፤ ወጣቱን በሰው ፊት ማሳፈር አይገባም» ብለን በይሉኝታ ተያዝን። በሁለተኛው ቀን ከሒሳቧ ብዙ ገንዘብ ወደማታውቀው ሰው እንደ ተላለፈ ሰማን። ለባንኳ ደውላ ስላስታወቀች ሒሳቡ ታገደ፤ ማጣራቱም ብዙ ሳምንታት ፈጀ። ዘመድ ተረባርቦ ቢያዋጣም ማስያዣው አልሞላም። በመጨረሻ ገንዘቡ ተመለሰላት፤ የወንድሟ የቀዶ ጥገና ቀን ግን አለፈ፤ ሌላ ቀጠሮ እስኪገኝለትም ሁለት ወር በሕመም ቆየ። ገንዘቡ ተመለሰ፤ ቀኑ ግን አልተመለሰም። እንግዲህ ይህንን የምንጽፈው ያን ዕለት በአዳራሹ ውስጥ ልንናገረው ይገባን የነበረውን ቃል፣ ዘግይተንም ቢሆን፣ ለመናገር ነው።

ነገሩን በቀላሉ ለማስረዳት ወደ ልጅነታችን እንመለስ። በዲቁና ትምህርት ላይ ሳለን በሰፈራችን ፊደል ያልቆጠሩ ብዙ እናቶች ነበሩ። ልጆቻቸው ከሩቅ አገር ደብዳቤ ሲልኩላቸው ወደ እኛ ያመጡት ነበር። እኛም ፖስታውን እንቀድዳለን፤ ደብዳቤውን እናነብላቸዋለን፤ የሚሉንን ቃል በመልሱ ላይ እንጽፋለን፤ ከዚያም አሽገን እንሰጣቸዋለን። አንዲት እናት «ልጄ፣ የቤቴን ምሥጢር ከእግዚአብሔርና ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም» ያሉን እስከ ዛሬ ከኅሊናችን አልጠፋም። ማን ምን ያህል ገንዘብ እንደ ላከ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥ ሁሉ እናውቅ ነበርና፣ በዚያ ዕድሜያችን እንኳ የቃላቸው ክብደት ይሰማን ነበር። ይሁንና እኒያ እናቶች ያመኑን እንዲያው በከንቱ አልነበረም። ቤታችንን ያውቃሉ፤ እናታችንን ያውቃሉ፤ የንስሐ አባታችንንም ያውቃሉ። ብናጠፋ የምንከሰስበት ደጅ ነበረ።

ወጣቱ በአዳራሹ ውስጥ የከፈተው ድረ ገጽ ፕሮክሲ ይባላል፤ ወኪል እንደ ማለት ነው። አሠራሩም እንደ ደብዳቤ አንባቢው ነው። ለባንኩ የምትጽፉትን ቃል በቀጥታ ለባንኩ አትልኩም፤ ለወኪሉ ትሰጡታላችሁ። ወኪሉ ከፍቶ ያነበዋል፤ ከባንኩ ጋር እርሱ ራሱ ይነጋገራል፤ የባንኩንም መልስ ተቀብሎ እንደገና ለእናንተ ያሳያችኋል። ባንኩ ጠያቂው የመጣው ከሐዋሳ ሳይሆን ወኪሉ ካለበት አገር፣ ለምሳሌ ከአሜሪካ፣ ይመስለዋል። የተዘጋው በር የተከፈተውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን በመካከል የቆመው ወኪል የይለፍ ቃሉን፣ የማረጋገጫ ቁጥሩንና በሒሳቡ ያለውን የገንዘብ ልክ ሁሉ በግልጽ ማየት ይችላል። ታማኝ ከሆነ አይቶ ያልፈዋል። ሌባ ከሆነ ግን ቃሉን ገልብጦ፣ እናንተን «እንደገና ይሞክሩ» እያለ በደጅ ያቆማችኋል፤ እርሱ በገለበጠው ቃል ወደ ውስጥ ይገባል። ቤቱን አታውቁትም፤ እናቱን አታውቋትም፤ የሚከሰስበትንም ደጅ አታገኙትም።

አንዳንዶች «በገጹ አናት ላይ የቁልፍ ምልክት ስላየን አስተማማኝ ነው» ይላሉ። ይህ ብዙዎችን ያሳተ አስተሳሰብ ነው። እውነት ነው፤ ዛሬ በስልካችንና በባንኩ መካከል የሚሄደው ቃል በምሥጢር ጽሕፈት የታሸገ ነው፤ የገጹ አድራሻ «ኤችቲቲፒኤስ» በሚሉት ፊደላት ሲጀምር ይህ ማኅተም አለ ማለት ነው። ነገር ግን ማኅተሙ የሚመሰክረው፣ ቃላችሁ በአድራሻው ላይ ወደ ተጻፈው ስም እስኪደርስ ድረስ በመንገድ ላይ አለመከፈቱን ብቻ ነው። በአድራሻው ላይ የተጻፈው የወኪሉ ስም ከሆነ ማኅተሙ የሚፈታው በወኪሉ ቤት ነው። ምልክቱ ሰዎችን ያሳስት እንደ ነበር ሠሪዎቹ ራሳቸው ስለ ተረዱት፣ ጉግል ክሮም በሚባለው ማሰሻው ላይ የነበረውን የቁልፍ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ2023 በሌላ ምልክት ተክቶታል። ስለዚህ መታየት ያለበት ሥዕሉ ሳይሆን የአድራሻው ስም ነው። ከባንካችሁ አድራሻ ጋር ፊደል በፊደል ካልተስማማ አንድ ቃል እንኳ አትጻፉበት።

ከዚህ የተለየ ሌላ መንገድ አለ፤ ስሙም ቪፒኤን ይባላል። ቪፒኤን ደብዳቤ አንባቢ ሳይሆን ደብዳቤ ተሸካሚ ነው። ደብዳቤውን አሽጋችሁ፣ የታሸገውንም በሁለተኛ ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ ትሰጡታላችሁ። እርሱ ከረጢቱን በቤቱ ይፈታዋል፤ በውስጡ ያለውን ፖስታ ግን ሳይቀድድ ለባንኩ ያደርሳል። ደብዳቤው ወደ የትኛው ባንክ እንደ ሄደና በስንት ሰዓት እንደ ተላከ ያውቃል፤ በውስጡ የተጻፈውን ግን አያነብም። የሆቴል ወይም የአውሮፕላን ማረፊያ ዋይፋይ የሚያስተዳድር ሰውም የሚያየው ከረጢቱን ብቻ ነው። በፕሮክሲ ድረ ገጽና በቪፒኤን መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ ይህ ነው፤ አንዱ ማኅተሙን ይፈታል፤ ሌላው ማኅተሙን እንደ ያዘ ያሻግራል።

ሆኖም ተሸካሚውም ቢሆን ታማኝ ሊሆን ይገባል። ቪፒኤን በስልካችን ላይ የምንጭነው መተግበሪያ ስለ ሆነ፣ ክፉ ሰው የሠራው እንደ ሆነ ከመንገድ አልፎ ወደ ቤት ይገባል። አንዳንዱ የጽሑፍ መልእክታችንን ለማንበብ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ባንክ የማረጋገጫ ቁጥሩን የሚልከውም በዚሁ በጽሑፍ መልእክት ነው። አንዳንዱም የራሱን ማኅተም በስልካችን ላይ እንድንቀበልለት ይለምናል፤ ያን ከተቀበልንለት ተሸካሚ የነበረው ተመልሶ አንባቢ ይሆናል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ቤተሰቦች እንግዳ አይደለም። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያናችን ላይ የደረሰውን ፈተና ሁላችንም እናስታውሳለን። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ታገዱ፤ እገዳውም እስከ ሐምሌ ወር ድረስ ከአምስት ወር በላይ ቆየ። በዚያን ጊዜ የአባቶችን መግለጫና የዕለቱን ወሬ ለመስማት የፈለገ ብዙ ሰው ቪፒኤን ፈለገ። ልጆች ለወላጆቻቸው ጫኑላቸው፤ ጎረቤትም ለጎረቤቱ አጋራ። ማን እንደ ሠራውና ባለቤቱ የት አገር እንዳለ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበረ። እገዳው ከተነሣ በኋላም መተግበሪያው ሳይወጣ የቀረበት ስልክ ብዙ ነው። በዚያው ስልክ ላይ ደግሞ የባንክ መተግበሪያ አለ፤ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህም ቴሌብር ተጨምሮበታል። ለመግለጫና ለስብከት ብለን የከፈትነው በር ለገንዘባችንም ተከፍቶ ቀረ ማለት ነው።

በሐዋሳ ሐይቅ ላይ መንገደኛን ሁሉ ያለ ዋጋ የሚያሻግር ጀልባ ቀዛፊ ቢኖር፣ ይህ ሰው ምን በልቶ ያድራል ብሎ መጠየቅ ይገባል። በነጻ ስለሚሰጠው ቪፒኤንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአውስትራሊያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለአንድሮይድ ስልክ የተሠሩ 283 መተግበሪያዎችን መርምረው፣ ከመቶ 18ቱ የሚያሻግሩትን ቃል ጭራሽ እንደማያሽጉት፣ ከመቶ 38ቱም የተንኮል ፕሮግራም ምልክት እንዳለባቸው አግኝተዋል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 የገዛው ኦናቮ የተባለው ነጻ መተግበሪያ፣ ሰዎች በስልካቸው በምን በምን እንደሚገለገሉ ለባለቤቱ ይነግር ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአፕል መደብር ወጥቷል።

ከዚህም የከፋ አለ። በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር «911 ኤስ5» የተባለውን የወንበዴዎች መረብ መበተኑን አስታውቋል። ማስክ ቪፒኤን፣ ዲው ቪፒኤን፣ ሻይን ቪፒኤንና እነዚህን የመሳሰሉ ነጻ ፕሮግራሞችን በኮምፒዩተሩ ላይ የጫነ ሰው፣ ሳያውቀው የገዛ አድራሻውን ለሌቦች መሸሸጊያ አድርጎ ይሰጥ ነበር። በዚህ ዓይነት ወደ ሁለት መቶ በሚጠጉ አገሮች ከ19 ሚሊዮን በላይ የኢንተርኔት አድራሻዎች ለወንጀል ውለዋል። ሰውዬው በነጻ የተሻገረ መስሎት ነበር፤ ሌባው ግን በእርሱ ቤት ስም ይሰርቅ ነበር። በነጻ ከሚሰጡት መካከል ደኅና የሆኑ የሉም አንልም፤ ከከፋይ ደንበኞቻቸው በሚያገኙት ገቢ ጥቂቱን አገልግሎት ያለ ዋጋ የሚሰጡ አሉ። ነገር ግን ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር እንዲሉ አበው፣ ለገንዘብ ጉዳይ ማንነቱን ያላወቅነውን መንገድ አለመጠቀም ይሻላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ መንገዱ ራሱ ያስፈልግ እንደ ሆነ እንጠይቅ። ባንክ ገጹን ከሌላ አገር ለሚመጣ ጠያቂ የሚዘጋው በአብዛኛው ሌባን ለመከልከል ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚሄድም ሆነ ከውጭ የሚመጣ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት የሚሄድበትን አገርና የሚቆይበትን ጊዜ ለባንኩ ያስታውቅ፤ የባንኩን መተግበሪያ ገና በቤቱ ሳለ ጭኖ ይሞክር፤ ከውጭ አገር የሚደወልበትን የባንኩን የስልክ ቁጥርም በወረቀት ጽፎ ይያዝ። በባህል አዳራሹ ውስጥ ከዚያ ሁሉ ብልኃት ይልቅ አንድ የስልክ ጥሪ ይበልጥ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ማረጋገጫ ቁጥሩ እናስብ። ከአገር ስንወጣ ቁጥሩ የሚመጣበት ሲም ካርድ በሄድንበት አገር በሮሚንግ ይሠራ እንደ ሆነ አስቀድመን እንጠይቅ፤ ካልሠራ ሌላ ምን መንገድ እንዳለ ከባንኩ ጋር እንነጋገር። ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈትቶ የቆየ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል እንዲሁ አይጣል። ብዙ ልጆች ሲም ካርዱን ለእናታቸው ትተው ይሄዳሉ፤ እናትም ቁጥሩ ሲመጣ በስልክ ታነብላቸዋለች። ከዚህ ልማድ የሚጠቀመው አታላይ ነው፤ «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ የልጅዎ ገንዘብ ሊታገድ ነውና የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን» ይላታል። ስለዚህ ለደወለላት ለማንም ሰው ቁጥሩን አታንብብ። በአገር ቤት ያለውን ገንዘብ ሌላ ሰው እንዲያንቀሳቅሰው የሚያስፈልግ ከሆነ የቀናው መንገድ ውክልና ነው። በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት የተሰጠ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል የጸና ውክልና የባለቤቱንም የተወካዩንም ስም በግልጽ ያሳያል። ለምን ጉዳይ እንደ ተሰጠ ተወስኖ ቢጻፍ ደግሞ የተሻለ ነው።

ሦስተኛ፤ ሌላ መንገድ ጠፍቶ በመካከለኛ መሻገር ግድ ቢሆን፣ የፕሮክሲ ድረ ገጽ ለባንክ ፈጽሞ አይሁን፤ ባለቤቱ የታወቀ፣ ዋጋ የሚከፈልበት፣ አሠራሩም በገለልተኛ መርማሪዎች የተፈተሸ ቪፒኤን ይሁን። እርሱም ከስልኩ መደበኛ የመተግበሪያ መደብር ይወሰድ እንጂ በቴሌግራም ከሰው የተላከ አይጫን። የጽሑፍ መልእክትን ወይም የስልክ ማውጫን ለማየት ፈቃድ ከጠየቀ ይከልከል። አገር ምረጡ ሲል ሒሳባችሁ ያለበትን አገር ብቻ ምረጡ፤ ባንኩ ጠዋት ከጀርመን፣ ቀትር ላይ ከጃፓን፣ ማታ ከአሜሪካ ስትመጡ ቢያያችሁ ሌባ መስላችሁት ሒሳቡን ይዘጋል። በሰው ኮምፒዩተርና በኢንተርኔት ቤት የባንክ ሒሳብ አይከፈት። የሆቴል ዋይፋይ ከመጠቀምም በገዛ ስልክ ዳታ መሥራት ይመረጣል።

አራተኛ፤ ያለንበትን አገር ሕግ እንወቅ። ይህንን የምንለው በተለይ በዐረብ አገሮች ለሚሠሩ እኅቶቻችን ነው። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ መሠረት፣ ወንጀል ለመሥራት ወይም ወንጀል እንዳይገለጥ ለማድረግ የኢንተርኔት አድራሻውን የለወጠ ሰው በእስራትና ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጫ ይቀጣል። ሕጉ የሚቀጣው የወንጀል አሳብ ያለውን ነው፤ ነገር ግን ቪፒኤኑ በአገሩ ለታገደ ሌላ ነገርም ጭምር ሲውል ጣጣ ሊያመጣ ስለሚችል፣ በሰው አገር ከመጫናችን በፊት መጠየቅ ይገባል።

አምስተኛ፤ ስሕተቱ ተፈጽሞ ቢገኝ ኀፍረት አያዘግየን። ከሌላ ንጹሕ ስልክ ለባንኩ ወዲያው ይደወል፤ ሒሳቡ ይታገድ፤ የይለፍ ቃሉ ይለወጥ፤ ተጠርጣሪው መተግበሪያም ከስልኩ ይውጣ። በአሜሪካ ሕግ ካርዱ ወይም የይለፍ ቃሉ መጥፋቱን ወይም መሰረቁን ባወቀ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ለባንኩ ያስታወቀ ደንበኛ ኪሳራው በመደበኛው ከ50 ዶላር አያልፍም፤ ከዚያ የዘገየ እስከ 500 ዶላር ሊደርስበት ይችላል፤ እጅግ የዘገየ ደግሞ ሁሉን ሊያጣ ይችላል። እኅታችን ገንዘቧን መልሳ ያገኘችው ሳትውል ሳታድር ስለ ደወለች ነው። በአገራችንም በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ በሰው ሥርዓት መግባትና በዚሁ ማጭበርበር ወንጀል ስለ ሆነ፣ ለባንኩ ካስታወቅን በኋላ ለፖሊስ ማመልከት ይገባል።

የመጨረሻው ቃላችን ለእኛው ለታላላቆቹ ነው። ያ ወጣት ክፉ አላደረገም፤ አክስቱ ስትጨነቅ አይቶ የሚያውቀውን ያህል ረዳት። ከጥቂት ወራት በኋላ በሐዋሳ አግኝተነው ስለዚያ ቀን ስንነግረው፣ አንገቱን ደፍቶ ከቆየ በኋላ «መምህር፣ ያን ጊዜ ያውቁ ከነበረ ለምን ዝም አሉ?» ብሎ ጠየቀን። የምንመልሰው ቃል አላገኘንም። በልጅነታችን ደብዳቤ ያስነበቡን እናቶች ምሥጢራቸውን እንድንጠብቅ አምነውናል፤ ምሥጢርን መጠበቅ ማለት ግን ራሳችን አለማውራት ብቻ አይደለም፤ ሌላው ሰው ምሥጢሩን በማያውቀው እጅ ሲያስቀምጥ እያዩ ዝም አለማለትም ነው። በለሰለሰ ቃል፣ ወደ ጎን ጠራ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ይህ ገጽ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አያሳፍርም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ እራት ከተበላ በኋላ የቤቱ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ በአንድነት ይመልከት። በ2015 ዓ.ም. የተጫነው ቪፒኤን አሁንም አለን? ማን ሠራው? ምን ፈቃድ ሰጠነው? የሚመልስ ከጠፋ ይውጣ። ልጆችም ለአባትና ለእናት ያስረዱ፤ አባትና እናትም ያለ ቁጣ ይስሙ። በውጭ ላለው የቤተሰብ አባልም ደውላችሁ ይህንኑ ንገሩት። የታሸገው ደብዳቤ በባለቤቱና በባንኩ እጅ ብቻ ይከፈት።

ለሚቀጥለው ወር በሰላም ያድርሰን።